እኔና ሌሎቹ መንግሥቱዎች

ስሜ መንግሥቱ ነው። አዲስ ሰው ስተዋወቅ ከስሜ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ወጣት ከሆነ ምንም አይልም። የእኔ እኩያ ከሆነ ፈገግ ይላል። ከእኔ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ወይ "ቆራጡ መሪያችን!" ብሎ ይስቃል፣ ወይ ዝም ይላል። የሚስቀው አይከብደኝም። ዝም የሚለው ነው የሚከብደኝ።

ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ስሜ በኮሎኔሉ የወጣ አይደለም። የተወለድኩት በ1965 መጨረሻ ነው (ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ ኮሎኔል መንግሥቱ ገና ኮሎኔልም አልሆነም፤ ከጦር ሰፈር ውጭ ስሙን የሰማ ሰው እምብዛም አልነበረም። አባቴ ግን ሌላ መንግሥቱ ያውቅ ነበር። አባቴ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነበር። ደጋፊ ማለት ያንስበታል፤ ጊዮርጊስ የተሸነፈ ቀን እራት የማይበላ ሰው ነበር። ሠፈር ውስጥ እሁድ ማታ ውጤት የሚታወቀው በእኛ ቤት ጭስ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ስታዲየም ገብቶ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜን በዓይኑ አይቷል። እስኪሞት ድረስ ያንን ጨዋታ ተቀምጦ ማውራት አይችልም ነበር፤ ይነሳል። የዚያን ጊዜ ውድድር አራት አገር ብቻ ነው የተካፈለበት። እኛ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን ፍጻሜ ገባን። ግብጾች በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚለው ስማቸው መጡ። ሁለት ጊዜ መሩን፣ ሁለት ጊዜ አቻ አደረግናቸው። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ አገባ፣ ኋላ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሉቺያኖ ቫሳሎ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን ጨመረ። ከዚያ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን። አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ እግሩ ይነሳል። የቤት ዕቃ ሰብሮ ያውቃል።

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አባቴ የመጀመሪያ ወንድ ልጁን ማን ብሎ እንደሚጠራ ብዙ ያሰበበት አይመስለኝም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1969 ኮሎኔሉ የደርግ ሊቀመንበር ሆነ። እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ስሜ የኔ መሆኑ ቀረ። ትምህርት ቤት ስገባ መምህራን በስም ጥሪ ላይ እኔ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። አንዳንዱ ይቀልዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ የምር ያደርገዋል። በበዓል ቀን መፈክር የሚያወጣ ልጅ ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነኝ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ግጥም በቃል መያዝ አልችልም፤ ግን መንግሥቱ ነኝ። የቀበሌ ሰው ራሴን እየዳበሰ "ጎበዝ፣ ስምህን አታሰድብ" ይለኝ ነበር። አባቴ እቤት ገብቶ "አንተ የኳሱ ነህ" ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህንን ውጭ አይናገርም ነበር። የመሪው ሞክሼ መሆን ያኔ ለልጁም ለአባትየውም ጥሩ ጥላ ነው። ለምን ይገፈፋል?

አንዲት ጎረቤት ነበሩን። ልጃቸው በቀይ ሽብር ሞቷል። ሬሳውን አላገኙም። ቡና ሲፈላ እየጠሩ ቆሎ ይሰጡኛል፣ ይወዱኛል፣ ስሜን ግን አይጠሩትም። "አንተ ልጅ" ይሉኛል፤ "ና እስቲ ጎረምሳው" ይሉኛል። እናቴ አንድ ቀን ታሪኩን ሳትነግራቸው አልቀረችም፤ ከዚያ በኋላ "ወርቁ" ይሉኝ ጀመር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ወርቁ ነበርኩ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም። የሌላ ሰው ስም ሆኖ እንኳን ደስ ብሎኝ አቤት የምለው ያ ስም ብቻ ነበር።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ኮሎኔሉ አገር ጥሎ መሄዱ በሬዲዮ ተነገረ። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። በማግስቱ ጓደኞቼ "ሐራሬ መቼ ነው የምትሄደው?" አሉኝ። ለካ ቀላሉ እሱ ነበር። ክረምቱን አንድ ደብዳቤ ላስፈርም የሄድኩበት መሥሪያ ቤት፣ አዲስ የተሾመ ሰው ስሜን ሁለት ጊዜ አንብቦ "በዚህ ስም እስካሁን ትጠራለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያው ስም፣ ያው ልጅ፣ ያው ቀጭን ድምፅ። አንዱ ራሴን ዳብሶ "አታሰድብ" ያለኝን ስም ሌላው "እስካሁን?" አለኝ። ስም ቀይር ያሉኝ ዘመዶችም ነበሩ። አባቴ "በኳስ ተጫዋች የወጣን ስም በወታደር ምክንያት አልቀይርም" ብሎ ዘጋው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነው። ታክሲ ውስጥ ስሜ ሲነሳ "እሱ እንኳ አገር ይወድ ነበር" የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ከኋላ ወንበር አንዷ "እንዴት ደፍረህ!" ትላለች። ፍርድ ቤት በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሎት፣ በ2000 ሞት የተፈረደበት ሰው ነው። እኔ መሐል ተቀምጬ ወራጅ እላለሁ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። እናቴም ትለዋለች፣ ያውም አባቴ እንዳወጣው በዓይኗ እያየች። እኔ አባባሉን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ አልተዋጠልኝም። መልአክ ከሆነ ያወጣው መንግሥቱ የሚለውን ስም ሲያድል ሥራ በዝቶበት ነበር ማለት ነው፤ የሰጣቸው ሰዎች አንድም ነገር አይገናኙም። ስም የሚነግረን ስለ አውጪው ነው። አባቴን ይነግራችኋል፤ እኔን አይነግራችሁም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ አባትየውም አይወስነው፣ ልጁም አይወስነው። አንድ የማያውቁት ሞክሼ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣና ስሙን ይወስደዋል።

ታኅሣሥ 1953 ላይ ትንሽ ልቆይ። ሞክሼዎች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት፣ ምን ያህል ተራርቀው እንደሚኖሩ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

ንጉሡ ብራዚል ናቸው። ታኅሣሥ 4 ማታ የክብር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና አሜሪካ ተምሮ የመጣው ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥቱን ጀመሩ። ባለሥልጣናቱ እቴጌይቱ ታመዋል ተብለው ተጠሩና ታገቱ። አልጋ ወራሹ አዋጁን በሬዲዮ አነበቡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን ከንጉሡ ጎን ቆሙ፤ ከተማ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ነገሩ መክሸፉ ሲታወቅ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን የታገቱት ሹማምንት ላይ ተተኮሰ።

ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ጫካ የገቡ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሸዋ ውስጥ የተዋጉ፣ ጣሊያን ሊይዛቸው ያልቻለ አርበኛ ናቸው። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ፋሽስት ያልገደላቸውን ሰው የገዛ አገራቸው ጥይት በንጉሡ ሳሎን ውስጥ ገደላቸው።

አሁን ከቤተ መንግሥቱ ወጥተን ወደ ክብር ዘበኛ ሰፈር እንሂድ። እዚያ ሌላ አበበ አለ፤ የጄኔራል መንግሥቱ ወታደር ነው። ከሦስት ወር በፊት፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ የሮምን ጎዳና ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ። አገር በሆታ ተቀብሎታል። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ አዛዡ አመፁ፣ እሱም ከክብር ዘበኛ ጓዶቹ ጋር ታሰረ። ወዲያው ተጣርቶ ተፈታ እንጂ፣ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ቶኪዮን አናይም ነበር። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም ወይም ረስቶታል። በእኛ አገር ጀግና ሐውልት ከቆመለት በኋላ የታሰረበትን የሚያነሳ የለም።

እንግዲህ አንዱ አበበ በመንግሥቱ ሰዎች ተገደለ፤ ሌላው አበበ የመንግሥቱ ወታደር ስለሆነ ታሰረ። ሦስተኛውን አበበ ደግሞ አንደኛ ክፍል ሁላችንም ተዋውቀነዋል፤ በሶ ከመብላት በቀር ምንም ታሪክ የለውም። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ የተረጋጋ ኑሮ የኖረው እሱ ነው።

ገርማሜ ሞተ። ጄኔራሉ ቆስለው ተያዙ፣ ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ መጋቢት 21 ቀን 1953 በአደባባይ ተሰቀሉ። ከተማው ወጥቶ አየ። አባቴ ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲሄድ እሱ እንዳልሄደ ነግሮኛል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ወራቱን ቁጠሩ። ከመጋቢት 1953 እስከ ጥር 1954፤ ዓመት እንኳ አይሞላም። መንግሥቱ የሚባል ሰው ተሰቅሎ ያየ ሕዝብ፣ በዚያው ከተማ ስታዲየም ገብቶ "መንግሥቱ! መንግሥቱ!" እያለ ይጮሃል። ንጉሡም የክብር ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጉሮሮው እስኪዘጋ የጮኸው ሰው መካከል ስንቱ መጋቢት ላይ አደባባይ ቆሞ እንደነበር አስባለሁ። ማንም ስሙን አልፈራውም። ጎሉ ትኩስ ነዋ! አባቴን አንድ ጊዜ "እንዲያው ስሙን ስትጠሩ ጄኔራሉ አልመጡባችሁም?" ብዬው "ኳስ ሜዳ ውስጥ ሌላ መንግሥቱ የለም" አለኝ። የኳስ ሰው መልስ ነው።

አንባቢዬ ልብ ብሎ እንደሆነ፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጄኔራሉን አንቱ ብያለሁ፣ ኳስ ተጫዋቹን አንተ፣ ኮሎኔሉንም አንተ። አስቤበት አይደለም፣ እጄ ነው የጻፈው። መንግሥቱ ወርቁን አንተ የምንለው ስለምንወደው ነው፤ ኳስ ተጫዋች አርጅቶ አሰልጣኝ ሆኖ እንኳ ከአንተ አይወጣም። ኮሎኔሉን በሥልጣኑ ዘመን ሁሉ አንቱ ብለን፣ በሄደ ማግሥት አንተ አልነው። አንዱ አንተ ማቀፊያ ነው፣ ሌላው መወርወሪያ። ፈረንጅ ይህን እንዴት አድርጎ ይተረጉመዋል?

አንቱ ከምላቸው መንግሥቱዎች በጣም የምወዳቸው ግን መንግሥቱ ለማ ናቸው። ሐረር ነው የተወለዱት። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። ልጅየው በቅኔ ቤት አድገው ለንደን ድረስ ሄደው ተማሩ። ሲመለሱ ከሁለቱም ዓለም የሳቅ ዓይን ይዘው መጡ። "ያላቻ ጋብቻ"ንና "ጠልፎ በኪሴ"ን የመሰሉ ቴአትሮች ጻፉ፤ ጠለፋን የሚያህል ከባድ ነገር ሰው እየሳቀ እንዲያየው አደረጉ። አሜሪካ ሄዶ በቆዳው ቀለም ምክንያት የተዋረደውን ኩሩ ባሻ አሸብርን የፈጠሩትም እሳቸው ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አባታቸው በዕድሜያቸው ያዩትንና የሰሙትን ሲተርኩ ቁጭ ብለው ቀድተው በመጽሐፍ አሳተሙት፤ የአባትን ትዝታ በራሳቸው በአባት አንደበት። እኔ የአባቴን የ1954 ጨዋታ ትረካ በስልኬ እንኳ ስቀዳው አላስታውስም።

ያ ጥይት የተተኮሰበት የገነተ ልዑል ግቢ ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡ። መንግሥቱ ለማ ኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አስተማሩ። አንዱ መንግሥቱ ደም ያፈሰሱበትን ቤት ሌላው መንግሥቱ ማስተማሪያ አደረጉት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። እሳቸው ራሳቸው ቢያነቡት ይስቁብኝ ነበር።

ድሮ ሞክሼነት ሲበዛ ሰው መላ ነበረው። የፈረስ ስም። የ19ኛውን መቶ ዓመት ታሪክ ስታነቡ ሁለት ካሣዎች ይጋጩባችኋል። አንዱ የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው፣ በ1847 ዘውድ ጭኖ ቴዎድሮስ የሆነው፤ የፈረሱ ስም አባ ታጠቅ። ሌላው የትግራዩ ካሣ ምርጫ ነው፣ በ1864 ነግሦ ዮሐንስ የሆነው፤ አባ በዝብዝ። አባ ታጠቅ ካሣ፣ አባ በዝብዝ ካሣ፤ አለቀ፣ አይሳሳትም። ፈረሱ የሌለው ሰው በመልኩ ወይም በሥራው ይለያል፤ አሁንም ሠፈራችን ውስጥ መንግሥቱ ጋራዥ የሚባል አለ፤ ጋራዡን ከሸጠ ቆይቷል።

ሁለቱ ካሣዎችም ዝም ብለው አልተላለፉም። በ1860 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ትግራይን አልፎ ነው የሄደው። መንገዱን የለቀቀለት፣ ስንቅ እንዲያገኝ የረዳው ካሣ ምርጫ ነው። እንግሊዝ ሲመለስ መሣሪያ ትቶለት ሄደ፤ በዚያ መሣሪያ ነው ኋላ ዙፋኑን ያሸነፈው። አንዱ ካሣ በለቀቀው መንገድ ጠላት አለፈና ሌላው ካሣ መቅደላ ላይ ራሱን ገደለ። ደግሞ ልብ በሉ፤ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ከራስ አበበ ጋር የተገደሉት ራስ ሥዩም መንገሻ የእኚህ የዮሐንስ የልጅ ልጅ ናቸው። ታሪካችን ጠባብ ቤት ነው፤ ብዙ ሰው ሲገባበት ትከሻ ለትከሻ ይነካካል።

ነገሥታቱ ግን እድለኞች ናቸው፤ ዘውድ ሲጭኑ ስም ይቀይራሉ። ካሣ የሚለውን ስም ለተራው ካሣ ትተውለት ይሄዳሉ። እኔ ዘውድ የለኝም።

ውጭ አገር ስሙ ጭራሽ ሌላ ነገር ይሆናል። እዚህ ስሜ የኔ ነው፣ ለልጄ ሁለተኛ ስም፣ ለልጅ ልጄ ሦስተኛ ስም ሆኖ ቀስ እያለ ይጠፋል። እዚያ ግን አንዴ ፎርም ላይ ከሰፈረ የዘር መጠሪያ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ዲናው መንግሥቱ የሚባል ታዋቂ ልቦለድ ደራሲ አለ፤ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ የወጣ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ያደገ። እዚያ ሰው "ሚስተር መንግሥቱ" ብሎ ሲጠራው ማንም ኮሎኔሉን አያስብም። እስራኤል ውስጥ ደግሞ አቨራ መንግሥቱ አለ። በ2006 መጨረሻ ወደ ጋዛ ተሻግሮ ከአሥር ዓመት በላይ ታግቶ ቆየ፤ በ2017 የካቲት ተለቀቀ። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ ሰልፍ ሲወጣ የአስቀሎና ቤተ እስራኤላውያን ፎቶውን ይዘው ሲቆሙ፣ ሰሌዳው ላይ የሚነበበው ስም የኔ ስም ነው። ስሙን በዜና በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ዘመዴ አይደለም፣ አይቼው አላውቅም። ግን የገዛ ስምህ ለዓመታት በእገታ ዜና ውስጥ ሲነበብ እንዴት ቸል ትላለህ?

ወንድሜ ውጭ ነው የሚኖረው። ልጆቹ በአያታቸው ስም ይጠራሉ፣ ማለትም በአባቴ ስም። አባቴ ይህን ሲሰማ "እኔ ምን አደረግኩ?" ብሎ ሳቀ።

ኑሮ ላይ ሞክሼ ያስቸግራል፣ አልዋሽም። አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሌላ መንግሥቱ የደም ምርመራ ውጤት ተሰጥቶኝ፣ ስኳር አለብህ ተብዬ፣ ቡናዬን ያለ ስኳር ስጠጣ ከረምኩ። ውጤቱ የኔ አለመሆኑ የታወቀው ባለቤቱ የኔን ይዞ "እንኳን ደስ አለህ፣ ጤነኛ ነህ" ተብሎ ሄዶ፣ ቤቱ ሲደርስ ማዞር ይዞት በመመለሱ ነው። የአባታችንም ስም አንድ ነው። የለየን የአያት ስም ነው፤ እሱም ካርዱ ላይ አልተጻፈም። አንዱ በሥ አንዱ በስ ተጽፎ ነበር አሉ፤ ማን ያየዋል? እኛ ራሳችን እንደ ሠ እና ሰ ነን፤ ሲጠሩን አንድ ነን፣ መልካችን ሲታይ ግን አንገናኝም።

በቅርቡ ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። "መንግሥቱ!" ተባለ። ተነሳሁ። አጠገቤ ያሉ አዛውንትም ተነሱ። ተያየን። "ሞክሼ!" አሉኝ፣ ገና ሳያውቁኝ እጄን እየጨበጡ። ሞክሼ ለሞክሼ ጥርስ የለበትም፤ ወዲያው ዘመድ ነው። ካሽየሯ ፈገግ ብላ የፋይዳ ቁጥር ጠየቀች። የተፈለጉት እሳቸው ነበሩ። ጨርሰው ሲመለሱ ግን አልሄዱም፤ አጠገቤ ተቀመጡ።

"በማን ነው የወጣልህ?" አሉኝ። ይህን ጥያቄ እንዲህ ቀጥ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። የኳሱን ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ኳስ አይወዱም።

"እርስዎስ ጋሼ?"

"በጄኔራሉ።"

አባታቸው የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ልጅየው ጥቅምት 1953 ተወለዱ። በአርባ ቀናቸው ክርስትና ሲነሡ አባት በአዛዣቸው ስም ጠሯቸው፤ ለአንድ ወታደር ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ክርስትናው ካለፈ በኋላ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፣ ተኩሱ ተጀመረ። አባት ታሰሩ። እናት ፈሩና የሕፃኑን ስም አጠፉ። "ማሙሽ እባል ነበር" አሉኝ። "ትምህርት ቤት ስገባ ነው መንግሥቱ መሆኔን ያወቅኩት። መምህሩ ሲጠራ ሌላ ልጅ መስሎኝ ዝም አልኩ።"

አባት ተፈትተው ከመጡ በኋላስ? "ከመጣም በኋላ ማሙሽ ነው የሚለኝ። እሱ እንኳ ደፍሮ አልጠራኝም።"

ከዚያ ሳቅ አሉ። ሲያድጉ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኑ፤ አሰብ መስመር። በደርግ ዘመን ኬላ ላይ ወታደር መታወቂያ ሲጠይቅ ስማቸውን አንብቦ "ጓድ ሊቀመንበር ይለፉ!" ይላቸው ነበር። ጭነታቸው ሳይፈተሽ። "እናቴ የደበቀችው ስም ኬላ ከፈተልኝ" አሉ። ጭነቱ ምን እንደነበር ስጠይቃቸው ወሬ ቀየሩ።

ስለ ጄኔራሉ ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኳቸው። ክፉም ደግም አላሉም። "አላውቃቸው፣ አያውቁኝ" ብቻ አሉ። ስለ ኮሎኔሉም ያው። ከስማቸው ጋር ምንም ጠብ የላቸውም፣ ምንም ፍቅርም የላቸውም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ "የኳሱ ነኝ" እያልኩ ስከላከል ኖሬ፣ እሳቸው አንዴም አልተከላከሉም። ትንሽ ቀናሁ።

ተራዬ ሲደርስ ስልክ ተለዋወጥን። እኔ "ጋሽ መንግሥቱ አሰብ" ብዬ መዘገብኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ራቅ አድርገው፣ በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ጻፉ። አየሁት። "ሞክሼ ባንክ" ይላል።

"ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ የባንክ ሠራተኛ እመስላለሁ" አልኳቸው።

"ይሁና" አሉኝ፣ ዘንጋቸውን እያነሱ። "ብድር ለሚጠይቀኝ ዘመድ ሁሉ ያንተን ቁጥር እሰጠዋለሁ።"